ማየት ሌላ፣ ማንበብ ሌላ
ፊልምና ግጥም በአንድ ስክሪን ላይ፤ ከማርሴል ብሮታርስ ሥራዎች የምናገኘው ትምህርት



አንድ ተማሪ አንድን ግጥም ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳያቋርጥ በቃሉ ቢወጣው፣ አንብቦታል ማለት ይቻላልን? ጥያቄው ለእኛ ለዕጩ መምህራን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንባቸው ክፍሎች ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። ልጁ ይነሣል፤ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ምንባቡን ያወርደዋል። ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነው። «እስቲ ጣትህን በምታነበው ቃል ላይ አድርግ» ሲባል ጣቱ ሌላ መስመር ላይ ያርፋል። ለካ የሚናገረው ከጓደኞቹ አፍ የለቀመውን ኖሯል። እንዲህ ያለው ልጅ ከክፍል ክፍል ይዛወራል። ማንበብ አለመቻሉ የሚታወቀው ያልሸመደደው አዲስ ገጽ ፊቱ ሲቀርብለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሽቷል።

በዚህ ጽሑፍ፣ ማየትንና ማንበብን ሆን ብሎ እያጋጨ ሰውን ከዚህ ዓይነቱ ልማድ ለማናወጥ የሞከረ አንድ የቤልጂየም ገጣሚ ምን እንደ ሠራ እናጠናለን። ርዕሱ በመጀመሪያ ሲታይ ከክፍላችን የራቀ ይመስላል፤ የሙከራ ፊልም፣ አቫንጋርድ ግጥም፣ የሥዕል ጋለሪ። «ይኼ ደግሞ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሁለት ቃላት ይብራሩ

አቫንጋርድ የፈረንሳይ የጦር ሜዳ ቃል ነው። ከዋናው ጦር ቀድሞ የሚሄደውን ክፍል ያመለክታል። በእኛ አባባል የፊታውራሪው ጦር እንደ ማለት ነው። በኪነ ጥበብ ሲነገር ግን የተለመደውን አጻጻፍ ወይም አሣሣል ትቶ ያልተሄደበትን መንገድ የሚቀድ ሥራ ማለት ነው። የሙከራ ፊልም ደግሞ ዋና ተዋናይ፣ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈታ ችግር እንዲኖረው ግድ የለውም። የሚጠይቀው «ካሜራ ምን ማድረግ ይችላል? ብርሃን፣ ፊደል፣ ስክሪን ራሱ ምን ሊናገሩ ይችላሉ?» ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ በትንሽ ገንዘብ ይሠራል፤ ከሲኒማ ቤት ይልቅ በክበባትና በጋለሪዎች ይታያል።

ለ. ገጣሚው

ማርሴል ብሮታርስ በጃንዋሪ 28 ቀን 1924 በብራስልስ ተወለደ። ወጣት ሳለ ከታዋቂው ሠዓሊ ከሬኔ ማግሪት ጋር ተዋወቀ። ማግሪትም የፈረንሳዊውን ገጣሚ የስቴፋን ማላርሜን አንድ መጽሐፍ ሰጠው። ይህ ስጦታ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ምን ፍሬ እንዳፈራ ወደ ኋላ እናየዋለን። ብሮታርስ መጽሐፍ እየሸጠ፣ ለጋዜጣ እየጻፈ በችግር ኖረ። ከ1957 እስከ 1964 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት የግጥም መድበሎች አሳተመ። ገዢ ግን እምብዛም አላገኙም።

የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው ገና ገጣሚ ብቻ ሳለ፣ በ1957 ነው። ፊልሙ ስለ ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስ ነበር። ሽቪተርስ የትራም ቲኬት፣ የተቀደደ ጋዜጣ፣ የወዳደቀ ነገር ሁሉ እየለጠፈ ሥዕል የሚሠራ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ትርጉም ከሌላቸው ድምፆች ግጥም የሚገጥም ሰው ነበር። ብሮታርስ ፊልሙን «ሲኒማዊ ግጥም» ብሎ ጠራው። እንግዲህ ፊልምና ግጥም በእሱ ዘንድ ከመጀመሪያው የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ሐ. ጀሶ የያዘው መጽሐፍ

በ1964፣ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ ብሮታርስ በብራስልስ በሚገኝ ጋለሪ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን ከፈተ። የጥሪ ወረቀቱ ራሱ የሚገርም ነበር። እሱም አንድ ነገር ሸጦ ኑሮው ሊሳካለት እንደማይችል ራሱን እንደ ጠየቀ፣ ዕድሜው አርባ እንደ ሆነ፣ ከተሸጠም ባለ ጋለሪው 30 በመቶ እንደሚወስድ በግልጽ ጽፎበታል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ግጥሙ ያልተሸጠለት ሰው ቀልድ ነው።

ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ የመጨረሻው የግጥም መድበሉ ነበር። የመጽሐፉ ርዕስ በፈረንሳይኛ «ማስታወሻ» ማለት ሲሆን፣ ቃላቱ ለየብቻ ሲነጠሉ ግን አንዱ ስለ ማሰብ፣ ሌላው ስለ እንስሳ ይናገራሉ። እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ዓይነት ነው። ብሮታርስ ሳይሸጡ የቀሩትን ሃምሳ ያህል ቅጂዎች ሰብስቦ ግማሽ አካላቸውን በጀሶ ውስጥ ተከላቸው። መጽሐፉ ይታያል፤ አይገለጥም። ለማንበብ የፈለገ ቅርጹን መስበር አለበት። ቅርጹን ያደነቀ ግን አያነብም። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ታዲያ ተመልካቹ ምን አደረገ? ማንም አልተቆጣም። ብሮታርስ ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃለ መጠይቅ የገረመው ይኸው እንደ ነበር ተናግሯል። ሰዎች ጀሶውን እንደ ጥበብ ሥራ አዩት እንጂ፣ ውስጡ የተቀበረው ጽሑፍ ምን ይል እንደ ነበር ለማወቅ የጓጓ አላገኘም። ይህን ነጥብ እንያዘው። መከልከል ብቻውን የማንበብ ጉጉት አይፈጥርም።

መ. ቁራውና ቀበሮዋ

ብሮታርስ ከዚህ ቀጥሎ ሌላ መንገድ ሞከረ። በ1967 «ቁራውና ቀበሮዋ» የተሰኘ፣ ሰባት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ባለቀለም ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር ሠራ። መነሻው ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ1668 ካሳተማቸው ተረቶች አንዱ ነው። ታሪኩ ከኤሶጵ ዘመን ጀምሮ የመጣ ስለሆነ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ቁራ አይብ በአፉ ይዞ ዛፍ ላይ ተቀምጧል። ቀበሮ ከሥር ሆና ታሞግሰዋለች፤ ላባህ እንዴት ያምራል፣ ድምፅህስ ምንኛ ያምር ይሆን ትለዋለች። ቁራው ድምፁን ሊያሰማ አፉን ሲከፍት አይቡ ይወድቃል፤ ቀበሮዋም ይዛ ትሄዳለች። ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው አገሮች ይህ ተረት ልጆች በትምህርት ቤት በቃላቸው ከሚይዟቸው ግጥሞች አንዱ ነው።

ብሮታርስ ይህን ሁሉ ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ተረት መነሻ አድርጎ የራሱን ጽሑፍ ጻፈ። ጽሑፉን በትልቁ አዘጋጅቶ ከፊቱ የቤት ዕቃ ደረደረ፤ ቦት ጫማ፣ ስልክ፣ የወተት ጠርሙስ። ከዚያ ቀረፀው። ዋናው ብልሃት ግን ስክሪኑ ላይ ነው። የተለመደው ስክሪን ነጭ ነው። የእሱ ስክሪን ላይ ግን ፊደላት አስቀድመው ታትመውበታል። ስለዚህ ፊልሙ ሲበራ የፊልሙ ፊደላትና የስክሪኑ ፊደላት ይደራረባሉ። ጫማው አንድ ቃል ሲሸፍን የስክሪኑ ፊደል በጫማው ላይ ያልፋል። ዓይን «አያለሁ» ሲል ፊደል ይጋረጥበታል፤ «አነባለሁ» ሲል ዕቃ ይጋረጥበታል።

በ1968 ይህ ሥራ በአንትወርፕ ከተማ በዋይድ ዋይት ስፔስ ጋለሪ ለሕዝብ ቀረበ። ጋለሪው በ1966 የተከፈተ ሲሆን፣ የስሙ ትርጉም «ሰፊ ነጭ ቦታ» ማለት ነው። ብሮታርስ ስለ ሥራው ሲያስረዳ፣ ለቃልም ለሥዕልም የተለመደ ትርጉማቸውን በተቻለ መጠን ለመንፈግ የተደረገ ሙከራ መሆኑን ገልጿል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ንባብ እናክል፤ ብሮታርስ እንዲህ ብሏል ማለታችን አይደለም። ሽምደዳና ይህ ተረት በጣም ይገጣጠማሉ። ምንባቡን ዓይኑን ሳያሳርፍ የሚያወርደው ልጅ ቁራው ነው። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» የሚለው መምህር፣ ሳያውቀው፣ የቀበሮዋን ሥራ ይሠራል። ልጁ ደስ ብሎት አፉን ይከፍታል። አይቡ፣ ማለትም ማንበብ ራሱ፣ ይወድቃል። ልዩነቱ እዚህ ተረት ውስጥ አይቡን የሚያነሣ የለም፤ መሬት ላይ ይቀራል።

ሠ. ዝናም ያጠበው ጽሑፍ

በ1969 ብሮታርስ «ዝናም» የተባለውን ሁለት ደቂቃ ያህል የሚቆይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠራ። የታየውን ለማውራት ቀላል ነው። ሰውዬው በቤቱ ግቢ ተቀምጧል። ከፊቱ ወረቀት፣ ብዕርና የቀለም ብልቃጥ አለ። ይጽፋል። ከላይ ዝናም ይወርድበታል። ዝናሙ ለፊልሙ ተብሎ የተለቀቀ ውሃ ነው። ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ ይታጠባል፤ ብልቃጡ ሞልቶ ይፈስሳል። ሰውዬው ግን አይነሣም፤ ብዕሩን እየነከረ መጻፉን ይቀጥላል። በመጨረሻ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ በሥዕሉ ላይም «የአንድ ጽሑፍ ውጥን» የሚሉ ቃላት ይወጣሉ።

ፊልሙ ውስጥ አንድም የሚነበብ ግጥም የለም። ሆኖም ስለ መጻፍ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይናገራል። ከክበባችን አባላት አንዱ «ከንቱ ድካም ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «መምህርን ይመስላል፤ ጠዋት የጻፈው ማታ ይጠፋል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጽፋል» አለ። ሁለቱንም ንባቦች ፊልሙ ይችላቸዋል።

ረ. የግጥሙ አጥንት

በዲሴምበር 1969 በዚያው በአንትወርፕ ጋለሪ ብሮታርስ ለማላርሜ የተሰጠ «ሥነ ጽሑፋዊ ኤግዚቢሽን» አቀረበ። ማግሪት ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ የሰጠው መጽሐፍ እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ። የማላርሜ ግጥም በ1897 በመጽሔት ወጥቶ፣ ገጣሚው ከሞተ በኋላ በ1914 በመጽሐፍ መልክ የታተመ ነው። ቃላቱ በመስመር አልተሰለፉም። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ተበትነዋል፤ አንዳንዱ ገዘፍ፣ አንዳንዱ ሳሳ ያለ ነው። ባዶው ነጭ ቦታ ራሱ እንደ ዝምታ ይቆጠራል።

ብሮታርስ ይህን መጽሐፍ እንደገና ሲያሳትም እያንዳንዱን የግጥም መስመር በጥቁር ጥብጣብ ሸፈነው። ቃል ትልቅ በነበረበት ጥብጣቡ ወፍራም፣ ትንሽ በነበረበት ቀጭን ነው። በሽፋኑ ላይ «ግጥም» ይል የነበረውን «ሥዕል» አለው። 10 ቅጂ በአሉሚኒየም ላይ፣ 90 ቅጂ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት፣ 300 ቅጂ ደግሞ በተራ ወረቀት ታተመ። በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ግን ዓይን የተነፈገውን ጆሮ አገኘው፤ ብሮታርስ ግጥሙን ሲያነብ የተቀረፀ ድምፅ በቴፕ ሪኮርደር ይሰማ ነበር።

ቃሉ ሲሸፈን ምን ቀረ? አጥንቱ ቀረ፤ መስመር የት ይጀምራል፣ የት ይሰበራል፣ ድምፅ የት ያርፋል የሚለው። ይህን በራሳችን ግጥም ላይ ብንሞክረው የሚታይ ትምህርት ይገኛል። አንድን የወል ቤት ግጥም በጥቁር ጥብጣብ ብንሸፍን፣ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች በየቤቱ ስለሚደረደሩ፣ እንደ ጡብ ግድግዳ እኩል የተከመሩ ጥቁር መስመሮች እናገኛለን። በሰንጎ መገን አምስት አምስት ይሆናሉ። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው «ልጅነት» ውስጥ ያሉትን ግጥሞች ብንሸፍን ደግሞ ግድግዳው እንደዚያ እኩል አይወጣም። ከሰሌዳው ላይ ሆኖ ለውጡ በዓይን ይታያል።

ሰ. አንድ ተቃውሞ

ይህን ስንወያይ ከመካከላችን ጠንከር ያለ ተቃውሞ ተነሣ። «መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ እየተዳረሰ በሚነበብበት አገር፣ መጽሐፍ በጀሶ መትከል የጥጋብ ጨዋታ አይደለም ወይ?» ተባለ። ተቃውሞው ክብደት አለው። በአንድ በኩል ብሮታርስ የተከለው የሌላውን ሰው መጽሐፍ አይደለም። ማንም ያልገዛውን የራሱን ልፋት ነው። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ያደረገው ነው። በሌላ በኩል ግን እኛ ዘንድ ጀሶው ሌላ መልክ አለው። በልምምድ ላይ ካየናቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ያማሩ የተረት መጻሕፍት በቁም ሣጥን ተቆልፈው ነበር። ለምን ቢባል «ንብረት ነው፤ ልጆች ያበላሹታል» ተባለ። መጽሐፎቹ ንጹሕ ነበሩ፤ ጠርዛቸው እንኳን አልተነካም። በመስተዋቱ ውስጥ ይታያሉ፤ አይነበቡም። የቆለፈው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። የሆነ ሆኖ ከዚያ ሣጥን ፊት የቆመ ልጅና ከብሮታርስ ጀሶ ፊት የቆመ ተመልካች አንድ ዕጣ ደርሷቸዋል። ልዩነታቸው ተመልካቹ ማንበብ መቻሉ ነው።

ብሮታርስ መሰናክሉን አቆመ፤ ከመሰናክሉ ወዲያ የሚያሻግር ሰው ግን አልነበረም። በጋለሪ ውስጥ መምህር የለም። በክፍል ውስጥ አለ። ከእሱ ሥራ ወስደን ልንጨምርበት የምንችለው ይህንኑ ነው።

ሸ. በክፍል ውስጥ እንዴት?

ፕሮጀክተር አያስፈልግም። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ እርጥብ ጨርቅና በእጅ ያለ ዕቃ ይበቃል።

1. መጋረድ። ተማሪዎቹ ጨርሶ ሰምተውት የማያውቁትን ባለ አራት ስንኝ ግጥም ሰሌዳው ላይ እንጻፍ። በእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ቃል በጫማ፣ በቆርቆሮ ወይም በቦርሳ እንጋርድ። «ከጀርባው ምን ቃል አለ? ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ተማሪው ከቤት መምቻው፣ ከቀለም ቁጥሩና ከሐሳቡ ተነሥቶ ምክንያት ይስጥ። ከዚያ ዕቃው ይነሣ። ግጥሙ አስቀድሞ የተሸመደደ ከሆነ ሥራው ዋጋ የለውም፤ ልጁ የሚመልሰው ከአፉ ነው።

2. ጥብጣብ። አንድን ግጥም ቃሉን ሳንጽፍ በመስመር ብቻ ሰሌዳው ላይ እናስምር። ተማሪዎች የት እንደሚተነፈስ በእጃቸው ያጨብጭቡ። ቀጥሎ ቃላቱን እንጻፍና ትክክል መሆናቸውን ራሳቸው ይመርምሩ።

3. ዝናም። ተማሪው የራሱን ሁለት ስንኝ በጠመኔ ይጻፍ። እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይለፍበት። ጎረቤቱ ከቀረው ርዝራዥ ተነሥቶ ለማንበብ ይሞክር። በደብተር ላይ በእስክሪብቶ አይሆንም፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ብዙም አይፈራም።

በሦስቱም ሥራዎች «ጎበዝ» የሚባለው ለፈጠነ ሳይሆን ምክንያት ለሰጠ ይሁን። ዝግ ብሎ፣ ጣቱን በቃሉ ላይ አድርጎ፣ ተሳስቶ ተመልሶ የሚያነብ ልጅ አይቡን አልጣለም።

በቃል መያዝን ጨርሶ አናጣጥልም። ዜማና ቃል በልጅ ልቡና እንዲቀር የሚያደርግ አሮጌና ጠቃሚ ዘዴ ነው። ክርክራችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓይን ፊደሉን ያግኘው፤ ከዚያ በቃል ይያዝ።

ቀ. የመወያያ ጥያቄዎች

ብሮታርስ በጃንዋሪ 28 ቀን 1976፣ ልክ 52 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በኮሎኝ ከተማ ሞተ። እስከዚያው ከፊደልና ከሥዕል ክርክር አልወጣም። እኛም ክርክሩን እዚህ አንዘጋውም።

ሀ) አንድ ተማሪ ማንበቡንና መሸምደዱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለመለየት ምን ዓይነት ፈተና ታዘጋጃላችሁ?

ለ) የተረት መጻሕፍቱን የቆለፈውን ኃላፊ ንብረቱም ሳይጠፋ፣ ልጆቹም ሳያጡ እንዲከፍት በምን ታሳምኑታላችሁ?

ሐ) በ«ዝናም» ፊልም የሚጽፈው ሰው ከንቱ ነው ወይስ ጽኑ? ምክንያት ስጡ።

ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። መልሳችሁን ጻፉበት። የግድግዳ ጋዜጣም እኮ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይታያል፤ መነበቡ የሚታወቀው ግን አንድ ሰው ቆም ብሎ መልስ ሲጽፍበት ነው።